ለዴስክቶፕ ኮምፒውተር የመጀመሪያውን የውሃ ማቀዝቀዣ ኪት እንዴት እንምረጥ?

የውሃ ማቀዝቀዣ የሚገዛ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በመብራቱና በፈሳሹ ቀለም ላይ ነው። ሻጮችም ይህን ስለሚያውቁ የካርቶኑን ፊት በእነዚሁ ያስጌጡታል። ኪቱ ሥራውን በአግባቡ መሥራት አለመሥራቱን የሚወስኑት ነገሮች ግን በካርቶኑ ጀርባ በደቃቅ ፊደል ተጽፈው ይገኛሉ፦ የራዲያተሩ ስፋት፣ የፓምፑ ዓይነት፣ ክፍሎቹ የተሠሩበት ብረት፣ የሚገጥሙት የሶኬት (የፕሮሰሰሩ መቀመጫ) ዓይነት። እዚህ አንድ በአንድ የምናያቸው እነዚህን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ውሃ ሙቀትን አያጠፋም፤ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ያጓጉዛል እንጂ። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚታሰረው ብሎክ ሙቀቱን ለውሃው ይሰጣል፤ ፓምፑ ውሃውን ይገፋል፤ ራዲያተሩና ማራገቢያዎቹ ደግሞ ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ያስረክባሉ። የመኪና ሞተር የሚቀዘቅዘውም በዚሁ መንገድ ነው። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ ወደ 4,180 ጁል ኃይል ይወስዳል። ስለዚህ ውሃው በደቂቃ አንድ ሊትር ብቻ ቢፈስ እንኳ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 70 ዋት ያነሣል ማለት ነው። 200 ዋት በሚያመነጭ ፕሮሰሰር ላይ ያለፈ ውሃ ከገባበት ሙቀት ሦስት ዲግሪ ያህል ብቻ ጨምሮ ይወጣል። ማጓጓዙ ይህን ያህል ቀላል ነው። የሚከብደው ማስረከቡ ነው፤ ገንዘብዎን በዋናነት ለራዲያተር ያውጡ የምለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚሁ የሚከተል ሌላ ነገር አለ። ራዲያተር የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ውሃውን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልም። ክፍሉ 30 ዲግሪ ከሆነ ውሃው ከ30 በላይ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ደግሞ ከውሃው በላይ ነው። «እንደ በረዶ ያቀዘቅዛል» የሚል ማስታወቂያ ካዩ ገጹን ይለፉት።

1. ሙቀቱን በዋት ይወቁ

በፕሮሰሰሩ ካርቶን ላይ የሚጻፈው የዋት ቁጥር ብዙ ጊዜ ያሳስታል። የኢንቴል ኮር አይ9-13900ኬ መነሻ ኃይል 125 ዋት ነው፤ ሥራ ሲበዛበት የሚፈቀድለት ከፍተኛ ኃይል ግን 253 ዋት ይደርሳል። የኤኤምዲ ራይዘን 9 7950ኤክስም 170 ዋት ተብሎ እስከ 230 ዋት ይወጣል። በተቃራኒው ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ 120 ዋት ቢባልም ጨዋታ ላይ የሚወስደው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ አስቀድሞ ካለዎት ይለኩት። ኤችደብሊው ኢንፎ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍተው፣ በተለምዶ የሚሠሩበትን ከባድ ሥራ ለግማሽ ሰዓት ያህል ያሠሩት። ቪዲዮ ማቀናበርም ይሁን ጨዋታ፣ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የወሰዱትን ዋት ለየብቻ ይመዝግቡ። ኮምፒውተሩ ገና ካልተገዛ አምራቹ የሚሰጠውን ከፍተኛ የኃይል ገደብ ይውሰዱ።

ፕሮሰሰርዎ ከ150 ዋት በታች የሚወስድ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው፤ በአየር ብቻ የሚሠራ ጥሩ ማቀዝቀዣ ይግዙ። እንደ ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15 ያሉት ባለ ሁለት ማማ ማቀዝቀዣዎች 240 ሚሊ ሜትር ራዲያተር ካላቸው ብዙ የውሃ ኪቶች ብዙም አያንሱም። የሚበላሽ ፓምፕ የላቸውም፤ የሚፈስ ነገርም የላቸውም። ችግራቸው ቁመታቸው ነው። የጠቀስኩት 165 ሚሊ ሜትር ይቆማል፤ ጠባብ ኬዝ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ውስጥ አይገባም። ውሃ የሚመረጠው ፕሮሰሰሩ ከ200 ዋት በላይ ሲወስድ፣ ኬዙ ረጅም ማቀዝቀዣ ሳይችል ሲቀር፣ ወይም ግራፊክስ ካርዱንም ጸጥ ባለ መንገድ ማቀዝቀዝ ሲፈለግ ነው። መገጣጠሙን ራሱን ስለሚወዱት ብቻ መግዛትም ያስኬዳል፤ ይህ ከሆነ ምክንያቱ ግን ራስዎን በቁጥር አያታልሉ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ብስጭት አለ። ከራይዘን 7000 ተከታታይ ፕሮሰሰሮች ብዙዎቹ ሥራ ሲበዛባቸው እስከ 95 ዲግሪ እንዲወጡ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ማቀዝቀዣው ሲሻሻል ፕሮሰሰሩ የተረፈውን ዕድል ፍጥነቱን ለመጨመር ይጠቀምበታል፤ ዲግሪው ባለበት ሊቆይ ይችላል። ትልቅ ኪት ገዝተው ቁጥሩ አልወርድ ካለ ሥራው የሚያልቅበትን ጊዜ ይመልከቱ፤ ልዩነቱ እዚያ ይታያል።

2. ዝግ ወይስ ክፍት?

ኪቶች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ከፋብሪካ ተሞልቶና ታሽጎ የሚመጣው ነው። ብሎኩ፣ ፓምፑ፣ ቱቦውና ራዲያተሩ እንደተያያዙ ይደርሱዎታል፤ የእርስዎ ድርሻ በብሎን ማሰርና ገመዱን መሰካት ብቻ ይሆናል። «ኦል ኢን ዋን» ይሉታል፤ እኔ ዝግ ኪት እለዋለሁ። ሁለተኛው ክፍት ኪት ነው። ክፍሎቹ ለየብቻ ይመጣሉ፤ ቱቦውን የሚቆርጡት፣ መገጣጠሚያውን የሚያጠብቁት፣ ፈሳሹን የሚሞሉት እርስዎ ነዎት።

ዝጉ ኪት በአንድ ከሰዓት ይገጠማል፤ ዓመታዊ እንክብካቤውም አቧራ ከመጥረግ አያልፍም። ስመ ጥር አምራቾች ለተሻሉ ሞዴሎቻቸው አምስትና ስድስት ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ። ጉድለቱ ዕድሜው የተቆረጠ መሆኑ ነው። ፈሳሹ በቱቦው ግድግዳ አልፎ በዝግታ ይተናል፤ አብዛኞቹ መልሶ መሙያ የላቸውም። ፓምፑ ሲሞት ሁሉም አብሮ ይጣላል። ሲገዙ የዋስትናውን ዓመት ብቻ ሳይሆን አንድ ተጨማሪ ዓረፍተ ነገር ይፈልጉ፦ ኪቱ ፈስሶ ማዘርቦርዱን ወይም ግራፊክስ ካርዱን ቢያበላሽ አምራቹ ይክሳል? አንዳንዶቹ በግልጽ እንክሳለን ይላሉ። ዝም ያሉትን ዝምታቸውን እንደ መልስ ይውሰዱት።

«ታሽጓል» ማለት ደግሞ ለዘላለም አይፈስም ማለት አይደለም። አፕል በ2004 ለገበያ ያቀረበው ባለ 2.5 ጊጋኸርዝ ፓወር ማክ ጂ5 ከፋብሪካ የታሸገ የፈሳሽ ማቀዝቀዣ ነበረው፤ ዓመታት ሲያልፉ ከማሽኖቹ አንዳንዶቹ እየፈሰሱ የውስጥ ክፍላቸውን በልተውታል። ዛሬ የሚሠሩት ከዚያ የተሻሉ ናቸው፤ ሆኖም የዋስትናው ጊዜ ያለፈበትን ኪት ዓመታት በላዩ ላይ እየደራረቡ ውድ በሆነ ኮምፒውተር ውስጥ ማቆየት ብልህነት አይደለም።

ክፍቱ ኪት ዋጋው ከዝጉ ብዙ እጥፍ ነው፤ በየዓመቱም ፈሳሽ መለወጥ ይጠይቃል። በምላሹ የተበላሸው ክፍል ብቻ ይለወጣል፤ ዛሬ ፕሮሰሰሩን ያቀዘቀዘው ነገ ግራፊክስ ካርዱንም ይጨምራል። እውነቱን ለመናገር ውሃ ትልቁን ጥቅሙን የሚያሳየው በግራፊክስ ካርድ ላይ ነው። የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4090 ለብቻው 450 ዋት ይፈቀድለታል። እንዲህ ያለውን ሙቀት በካርዱ ላይ ካሉት ትንንሽ ማራገቢያዎች ወስዶ ለሰፊ ራዲያተር መስጠት በጆሮ የሚሰማ ልዩነት ያመጣል።

ስለዚህ የማቀዝቀዝ ዕቅድዎ ከፕሮሰሰሩ የማያልፍ ከሆነ ዝጉን ይውሰዱ። ክፍቱን የሚመርጡት ግራፊክስ ካርዱን ለመጨመር በእርግጥ ካሰቡ ነው። በዚያ ጊዜም የካርዱ ብሎክ ከካርዱ ቦርድ ጋር በትክክል መግጠም እንዳለበት አይርሱ፤ ቺፑ አንድ ሆኖ አምራቹ ሲለያይ ቦርዱ ይለያያል። የካርዱን ሙሉ የሞዴል ስም ይዘው በብሎኩ አምራች የተስማሚነት ዝርዝር ውስጥ ይፈልጉት። የፋብሪካው ማቀዝቀዣ ሲፈታ ዋስትናው ይሰረዝ እንደሆነም አስቀድመው ያንብቡ።

3. ሜትር ይዘው ወደ ኬዙ ይሂዱ

ከተመላሽ ዕቃዎች ብዙዎቹ የሚመለሱት ተበላሽተው ሳይሆን አልገባ ብለው ይመስለኛል። «240» ወይም «360» የሚለው ቁጥር የማራገቢያዎቹ ድምር ነው እንጂ የራዲያተሩ ርዝመት አይደለም። የውሃ መግቢያውና መውጫው ያለበት ጫፍ ይጨመርበታል። ስለዚህ ባለ 240 የሚባለው በተጨባጭ ወደ 277 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 360 የሚባለው ወደ 397 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ትክክለኛውን ከሚገዙት ኪት ዝርዝር ይውሰዱ፤ ሞዴል ከሞዴል ይለያያል።

ከዚያ ውፍረቱ ይመጣል። የተለመደው የዝግ ኪት ራዲያተር 27 ሚሊ ሜትር፣ ማራገቢያው 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ በድምሩ 52። የአርክቲክ ሊኩዊድ ፍሪዘር ራዲያተሮች ግን 38 ሚሊ ሜትር ስለሚወፍሩ ከማራገቢያ ጋር 63 ይሆናሉ። ይህን ቁጥር ይዘው ሁለት ቦታ ይለኩ።

በኬዙ ጣሪያ ላይ የሚያስሩት ከሆነ ከጣሪያው እስከ ማዘርቦርዱ የላይኛው ጠርዝ ያለውን ክፍተት ይለኩ። ክፍተቱ ከ52 ካነሰ ራዲያተሩ በማዘርቦርዱ ላይ ይንጠለጠላል፤ ያኔ የራሙ (የሜሞሪ ካርዱ) ቁመት ወሳኝ ይሆናል። መብራት ያላቸው ራሞች ብዙዎቹ ከ40 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚቆሙ ከማራገቢያው ጋር ይጋጫሉ። ፊት ለፊት የሚያስሩት ከሆነ ደግሞ ኬዙ ይችላል ከተባለው የግራፊክስ ካርድ ርዝመት ላይ 52ቱን ይቀንሱ። ኬዙ 360 ሚሊ ሜትር ካርድ ይችላል ከተባለ፣ ራዲያተሩ ፊት ለፊት ከገባ በኋላ የሚቀርዎት 308 ያህል ነው። አንዳንድ አምራቾች የሚሰጡት ቁጥር የፊት ማራገቢያዎችን ቦታ አስቀድሞ የቀነሰ ነው፤ መመሪያ ደብተሩ የትኛውን እንደሚል ያንብቡ።

ኬዙ ባለ 360 ይችላል መባሉ በየትኛው በኩል እንደሆነም ይጠይቁ። ፊት ለፊት 360 የሚችል ኬዝ ጣሪያው 240 ብቻ የሚችል ሊሆን ይችላል።

የቦታው ነገር የልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በማንኛውም ዝግ ኪት ውስጥ ጥቂት አየር አለ፤ ጊዜ ሲሄድም ይጨምራል። አየር ሁልጊዜ ከፍ ወዳለው ቦታ ይወጣል። ከፍታው ላይ ያለው ፓምፑ ከሆነ አየሩ እዚያ ይሰበሰባል፤ ፓምፑ ይንጫጫል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ስለዚህ የራዲያተሩ የላይኛው ጫፍ ከፓምፑ በላይ መሆን አለበት። ጣሪያው ከሁሉ ይሻላል። ፊት ለፊት ማሰርም ይቻላል፤ የራዲያተሩ አናት ከፕሮሰሰሩ ከፍ እስካለ ድረስ። ራዲያተሩን ከታች፣ በኬዙ ወለል ላይ፣ ማሰር የሚፈቅዱ ኬዞች አሉ፤ ፓምፑ ብሎኩ ላይ ላለ ዝግ ኪት ይህን ቦታ ይተዉት።

4. ራዲያተሩን በስፋቱ ይምረጡ

ስፋቱን ራስዎ ያስሉት። ባለ 240 ሁለት የ120 ማራገቢያ ስለሚይዝ 288 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ባለ 280 ሁለት የ140 ስለሚይዝ 392፤ ባለ 360 ደግሞ 432። ባለ 280 ከባለ 240 በሲሶ የሚበልጥ፣ ከባለ 360 ብዙም የማያንስ፣ ርዝመቱም ለመካከለኛ ኬዝ የሚመች ሆኖ ሳለ ገዢው ያለ በቂ ምክንያት ያልፈዋል። ኬዝዎ 140 ማራገቢያ የሚቀበል ከሆነ በመጀመሪያ እሱን ይመልከቱ።

ባለ አንድ ማራገቢያ ባለ 120 ኪት አይግዙ። በተመሳሳይ ዋጋ የሚገኝ ጥሩ የአየር ማቀዝቀዣ ይበልጠዋል፤ ሌላ ምንም በማይገባበት በጣም ትንሽ ኬዝ ካልሆነ በቀር የሚያስመርጥ ምክንያት የለውም።

ለክፍት ኪት ገጣጣሚዎች የሚጠቀሙበት ግምት አለ፦ ጸጥ ባሉ ማራገቢያዎች እያንዳንዱ የ120 ሚሊ ሜትር ክፍል ወደ 100 ዋት ያህል ያስረክባል። የመጀመሪያ ስሌት መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ፕሮሰሰርዎ 150፣ ካርድዎ 320 ዋት ከወሰዱ በድምሩ 470 ነው፤ አምስት ክፍል፣ ማለትም አንድ ባለ 360 እና አንድ ባለ 240 ያስፈልግዎታል። በአንድ ባለ 240 ይህን ሁሉ ማቀዝቀዝ ይቻል ይሆናል፤ ማራገቢያዎቹ ግን እየጮኹ ነው።

ውፍረት ከስፋት በኋላ የሚታሰብ ነገር ነው። 45 እና 60 ሚሊ ሜትር የሚወፍሩ ራዲያተሮች ጠቀሜታቸው የሚታየው አየሩን አጥብቆ የሚገፋ ማራገቢያ ሲኖር ነው። በዝግታ በሚዞር ማራገቢያ ወፍራሙ ከቀጭኑ የሚበልጠው በጥቂቱ ነው። ቦታ ካለዎት ከአንድ ወፍራም ይልቅ ሁለት ቀጫጭን ይውሰዱ።

5. ብረቶቹን አይቀላቅሉ

ርካሽ ክፍት ኪቶች የሚጥሉን እዚህ ላይ ነው። አሉሚኒየምና መዳብ በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ አሉሚኒየሙ እየተበላ ይሄዳል፣ ብናኙም በብሎኩ ውስጥ ባሉት ከፀጉር ብዙም በማይወፍሩ ሽንትሮች (ውሃው በሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቦዮች) ተጠራቅሞ ውሃውን ያንቃል። ዝጉ ኪት ራዲያተሩ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም፣ ብሎኩ መዳብ ነው፤ ነገር ግን አምራቹ ዝገት የሚከላከል ቅመም ጨምሮ ስላሸገውና ማንም ስለማይከፍተው ለታሰበለት ዕድሜ ይቆያል። በክፍት ኪት የውሃ ዑደት ውስጥ ይህን ጥበቃ ለዓመታት ጠብቆ ማቆየት የእርስዎ ዕዳ ይሆናል።

ስለዚህ ክፍት ኪት ሲገዙ መዳብ፣ ናስና ኒኬል የተቀባ መዳብ ብቻ ያለበትን ይምረጡ። የራዲያተሩ ብረት በዝርዝሩ ላይ ካልተጻፈ አሉሚኒየም ነው ብለው ያስቡ። መዳብ የሚያስገባ ሻጭ መዳብነቱን አይደብቅም። ሁሉም ክፍሉ አሉሚኒየም የሆነ ኪትም ይገኛል፤ ለብቻው ችግር የለበትም፣ ነገር ግን ኋላ ላይ የሚጨምሩት ብሎክ መዳብ ስለሚሆን ዑደቱን የማስፋት ዕድልዎ ይዘጋል።

6. ፓምፑና ማጠራቀሚያው

በክፍት ኪቶች ሁለት የፓምፕ ዓይነቶች ገበያውን ይዘዋል፤ ዲ5 እና ዲዲሲ። ሁለቱም በ12 ቮልት ይሠራሉ። ዲ5 ተለቅ ይላል፣ ይበልጥ ጸጥ ይላል። ዲዲሲ ትንሽ ሆኖ ብርቱ ግፊት አለው፣ ይሞቃልም። ለመጀመሪያ ኪት ዲ5ን እመርጣለሁ፤ ፍጥነቱን ማዘርቦርዱ በፒደብሊውኤም ገመድ የሚቆጣጠረውን ዓይነት። በኪቱ ዝርዝር ላይ ስሙ ያልተገለጸ ፓምፕ ካለ፣ ሲበላሽ ምትኩን ከየት እንደሚያገኙ ሻጩን ይጠይቁ።

የፈሳሹ ማጠራቀሚያ ሁለት ሥራ አለው፤ አየሩን ከዑደቱ ለይቶ ማውጣትና መሙላቱን ማቅለል። አያቀዘቅዝም። ትልቅ ማጠራቀሚያ ውሃው የሚሞቅበትን ጊዜ ያዘገያል እንጂ መጨረሻ የሚደርስበትን ዲግሪ አይለውጥም። ከፓምፑ ጋር አንድ ላይ የተሠራውን ትንሽ ዓይነት ይውሰዱ፤ ሁለት መገጣጠሚያ ይቆጥባል፣ ፓምፑም ሁልጊዜ ውሃ ከላዩ እንዲኖረው ያደርጋል። ይህ የመጨረሻው ቀላል አይደለም፤ ፓምፑን የሚያለሰልሰውና የሚያቀዘቅዘው የሚገፋው ውሃ ራሱ ስለሆነ ደርቆ ከዞረ ይበላሻል።

7. ቱቦና መገጣጠሚያ

ለስላሳ ቱቦ ይግዙ። ጠንካራው ቱቦ በሙቀት መታጠፍ፣ በልክ መቆረጥ፣ ጠርዙም መሞረድ አለበት፤ ሥዕሎቹ ላይ ያማረው ለዚያ ነው፣ ለጀማሪ የሚያስቸግረውም ለዚያው ነው። ማቀዝቀዝን በተመለከተ በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም።

ከለስላሶቹ ፒቪሲ የተባለው ግልጽ ፕላስቲክ ጊዜ ሲሄድ ይደበዝዛል፤ የሚያለሰልሰው ቅመም ወደ ፈሳሹ ወጥቶ ብሎኩ ውስጥ ሊጠራቀምም ይችላል። ኢፒዲኤም የሚባለው ጥቁር ጎማ ከዚህ ነጻ ነው። ውስጡ አይታይም፤ ግን ዓመታት ያገለግላል። ልኩን በተመለከተ 10/16 የተጻፈበትን፣ ማለትም የውስጡ 10 የውጩ 16 ሚሊ ሜትር የሆነውን ብመርጥ እወዳለሁ፤ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ሲታጠፍ አይሰበርም። 10/13 የተባለው ለጠባብ ቦታ ይመቻል፤ ሲያጥፉት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የመገጣጠሚያው ጥርስ ጂ 1/4 የሚባለው የጋራ ልክ ስለሆነ ከየትኛውም አምራች ብሎክ ጋር ይገባል። በቱቦው በኩል ግን የውስጡም የውጩም ልክ መመሳሰል አለበት፤ የ13 መገጣጠሚያ የ16 ቱቦ አይይዝም። ሲቆጥሩ ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ያስቡ፤ ብሎክ፣ ራዲያተር፣ ፓምፕ ያለው ዑደት ስድስት ይፈልጋል፣ ካርድ ሲጨመር ስምንት። ከዚህ ላይ ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያና ትንሽ ቧንቧ ይጨምሩና ዑደቱ ዝቅ በሚልበት ቦታ ያስገቡት። በኪቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ አይኖርም፤ ያለ እሱ ፈሳሹን የሚያወርዱበት ቀን ግን ኮምፒውተሩን እንደ ማሰሮ መገልበጥ ይመጣል።

8. ሶኬቱ

የፕሮሰሰርዎን ሶኬት ስም ከማዘርቦርዱ ዝርዝር ያግኙና በኪቱ ዝርዝር ውስጥ ይፈልጉት። በ2021 የመጣው ኤልጂኤ 1700 ከቀደመው ኤልጂኤ 1200 የተለየ የቀዳዳ ርቀት አለው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተመረተ ኪት ተጨማሪ ማሰሪያ ይጠይቃል። በ2024 የመጣው ኤልጂኤ 1851 የ1700ን ማሰሪያ ይቀበላል። በኤኤምዲ በኩል ኤኤም5 የኤኤም4ን የቀዳዳ ልክ ይዟል፤ ነገር ግን ከማዘርቦርዱ ጀርባ ያለው ሳህን ከሶኬቱ ጋር የታሰረ ስለሆነ አይወጣም። የራሱን የጀርባ ሳህን የሚፈልግ አሮጌ ኪት በኤኤም5 ላይ አይገባም። ያገለገለ ኪት የሚገዙ ከሆነ ማሰሪያዎቹ በሙሉ መኖራቸውን ቆጥረው ይረከቡ።

9. ፈሳሹና ቀለሙ

ቀለም የደረሰው አሁን ነው፤ ምክሬም ቀለም የሌለውን ይግዙ የሚል ነው። እንደ ወተት የሚደፈርሱት ፈሳሾች ቀለማቸውን የሚያገኙት ከተንሳፈፉ ብናኞች ነው፤ ብናኙ ጊዜ ሲሄድ ይዘቅጣል፣ ሽንትሮቹንም ይሞላል። ፎቶ ለማንሣት ያምራሉ። ለዕለት ሥራ ግልጽና ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ፈሳሽ፣ ዝገትንና በውሃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ ሽበትን የሚከላከል ቅመም ያለበት፣ ከሁሉ የተሻለ ነው። ለቀላል ዑደት አንድ ሊትር ያህል ይበቃል። ቀለም ከፈለጉ ከማራገቢያው መብራት ይውሰዱት።

የቧንቧ ውሃ አይጠቀሙ፤ የያዘው ማዕድን ብረቱ ላይ ይጋገራል። ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም የሚለው ወሬም አያዝናናዎት፤ ዑደቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ከብረቱና ከአቧራው የሚያነሣው ነገር አስተላላፊ ያደርገዋል።

10. ገመዶቹን ይቁጠሩ

ማራገቢያዎቹ በራዲያተር ጥርሶች መካከል አየር የሚገፉ፣ ለግፊት የተሠሩ መሆን አለባቸው፤ ባለ አራት ቀዳዳ የፒደብሊውኤም ገመድ ያላቸውን ይምረጡ። ሦስት ማራገቢያና አንድ ፓምፕ ለመሰካት በማዘርቦርዱ ላይ በቂ መሰኪያ አለ? ከሌለ ማከፋፈያ ይግዙ። የፓምፑ መሰኪያ ሙሉ ኃይል የሚሰጥ ይሁን፤ ፕሮሰሰሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ፓምፑ ፍጥነቱን እየለዋወጠ ጆሮ እንዲያደክም አይተዉት።

የመብራቱን ገመድ በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ባለ ሦስት ሽቦው በ5 ቮልት፣ ባለ አራቱ በ12 ቮልት ይሠራል። ባለ 5 ቮልቱን በ12 ቮልት መሰኪያ ላይ አስገድደው ከሰኩ መብራቱ ይቃጠላል።

11. ከገጠሙ በኋላ

ዝግ ኪት የገዙ ይህን አንቀጽ ይለፉት። ክፍት ኪት ከሆነ ማዘርቦርዱ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ፓምፑ ብቻ እንዲሠራ ያድርጉ። ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው የሚያስነሣ ትንሽ መሰኪያ ብዙ ኪቶች ውስጥ አለ፤ ከሌለ ይግዙት። ማጠራቀሚያውን ይሙሉ፣ ፓምፑን ለጥቂት ሰከንድ ያስነሡና ያጥፉ፣ ውሃው ሲጎድል ይጨምሩ፤ ኬዙን ወዲያና ወዲህ እያዘነበሉ አረፋውን ያስወጡ። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሥር ነጭ ሶፍት ያንጥፉና አንድ ቀን ሙሉ ያሠሩት። ውሃውን የሚይዘው የጎማው ቀለበት ስለሆነ መገጣጠሚያዎቹን በእጅ ማጥበቅ ይበቃል፤ በመፍቻ ሲያስጨንቁት ቀለበቱ ይቀደዳል።

ኮምፒውተሩ ሲነሣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ቁጥር አይመኑ። ውሃው ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ሁሉም ኪት መጀመሪያ ላይ ድንቅ ይመስላል። ከባድ ሥራ ሰጥተው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይመልከቱ። ኪቱ የውሃውን ሙቀት የሚያሳይ ከሆነ ከክፍሉ ሙቀት ጋር ያነጻጽሩት፤ ልዩነቱ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ከሆነ ራዲያተርዎ ይበቃል። ውሃው ሞቆ ፕሮሰሰሩም ከሞቀ የጎደለው የራዲያተር ስፋት ወይም የአየር መተላለፊያ ነው፤ የኬዙን የጎን ክዳን ከፍተው ይሞክሩት፣ ዲግሪው ቶሎ ከወረደ ጥፋቱ የኬዙ ነው። ውሃው ቀዝቅዞ ፕሮሰሰሩ ብቻ ከጋለ ግን ብሎኩ በደንብ አልተቀመጠም። ይፍቱት፣ በብሎኩና በፕሮሰሰሩ መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስት ሁሉንም ቦታ መንካቱን ይዩ፣ ከብሎኩ ሥር ያለው ግልጽ ላስቲክ መነሣቱንም ያረጋግጡ። ይህን ሁሉ ዕቃው መመለስ በሚቻልበት ጊዜ ውስጥ ይጨርሱት፤ ካርቶኑንም እስከዚያ አይጣሉት።